መሣሪያ የያዘ ውጭ ያስቀምጥ

ሀኒፋ በረንዳው ላይ የልጆቿን ካልሲ ስታሰጣ ነበር፣ ባሏ ሸምሱ ሳሎን ውስጥ ሆኖ በስልክ «ጥፋቱን ያምናል፤ እግራቸው ላይ ይወድቃል» ሲል የሰማችው። የማን ጥፋት ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጥፋተኛው ወንድሟ ኑረዲን ነው። ጥፋቱስ ምን መሰላችሁ? ላፍቶ ባለው በግዛው ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ ሆኖ ቆሞ፣ «መሣሪያ ይዞ መግባት በፍጹም ክልክል ነው» ተብሎ በትልቁ ከተጻፈበት ሰሌዳ ሥር፣ ሽጉጥ የታጠቀን ሰው «እዚህ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡልኝና ይግቡ» ማለቱ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው እግር ላይ መውደቅ የመጣው። ሀኒፋ የያዘችውን ካልሲ ጨመቀችው፤ የተጨመቀውን እንደገና ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ራጉኤል የሚባል የሲሚንቶ አከፋፋይ፣ ወገቡ ላይ ያለውን እንኳ ሳይሸፍን፣ እንደ ልማዱ ዘው ሊል ሲል ኑረዲን አስቆመው። ኑረዲን በዚያ በር ሥራ ከጀመረ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ጥበቃዎች ሰውየው ብቅ ሲል መፈተሻውን ወደ ጀርባቸው ማዞር ለምደዋል፤ ለእሱ ግን ይህን ማንም አልነገረውም፤ ሲቀጠር የነገሩት የተጻፈውን ነው። ሰውየው «ግዛውን ጥራው» አለ። ኑረዲን «እጠራለሁ፤ እስከዚያው እዚህ ይቁሙልኝ» አለ። ሰውየው ገፍቶት ሊያልፍ ሲል ክንዱን ያዘው። ክንድ መያዙ ነው ጣጣውን ያመጣው። «መሣሪያዬን ሊቀማኝ ነበር» ተብሎ ተከሰሰና ጣቢያ አደረ፤ በማግስቱ በሸምሱ ዋስትና ወጣ። አብራው የምትሠራው የሴቶች ፈታሽ አሰገደች፣ ምስክር ተብላ ስትጠየቅ «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣ አላየሁም» አለች። ባለ ሕንፃው አቶ ግዛው ደግሞ ኑረዲንን ከሥራ አገደና ሸምሱን ጠርቶ «ራጉኤል ክሱን ከተወ እኔም እተወዋለሁ፤ ካልተወ ግን ልጁ እስር ቤት ነው የሚገባው፤ ሽማግሌ ላኩ» አለው። ሸምሱ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት የልጆች ልብስ ይሸጣል። የግዛው ተከራይ ነው።

ሸምሱ ስልኩን ዘግቶ ወደ በረንዳው ብቅ አለ። «ሰምተሻል መሰለኝ» አላት። «ሰማሁ» አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም። ባልና ሚስት ተጣልተው ዝም ሲሉ አንድ ነገር ነው፤ ሳይጣሉ ዝም ሲሉ ግን ቤት ይጠባል፤ ያ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ደግሞ ድሮም ጠባብ ነው። ሶፋው ሳሎኑን አጋምሶታል፣ ከሱቅ የተረፈ የልብስ ካርቶን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ፍሪጁና ቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ አንዱ ሊያልፍ ሲል ሌላው መቀመጥ አለበት። ሸምሱ ለወሬ ያህል የቲማቲም ዋጋ ጠየቃት። «መቶ ሃያ ገብቷል» አለችው። «ወይ ጉድ» አለ። ሐሳቡ ቲማቲም ላይ እንዳልሆነ መቼ ጠፍቷት! የሱቁ ውል የሚታደሰው ዓመቱ ሲያልቅ ነው፤ ሸምሱ ይህን አንድም ቀን አላነሳባትም፤ አለማንሳቱ ነው የከበዳት። ጮሆ «ወንድምሽ እንጀራዬን ሊዘጋው ነው» ቢላት እሷም መልስ ነበራት። እሱ ግን ፈርቷል፤ ፍርሃቱንም ለብቻው ይዞ ጫማውን ያስራል። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «በዘጠኝ ሰዓት ነው ያሉት። አምጪው። አንቺን ይሰማል» አላት።

ኑረዲን በልጆቹ ክፍል፣ መሬት ላይ በተነጠፈለት ፍራሽ ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከጣቢያ ከወጣ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ሀኒፋ ናት፤ ስታገባም ይዛው ነው ባሏ ቤት የገባችው። እና አሁን ከእግሩ በኩል ቁጭ ብላ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች፣ የማትፈልገውን ነገር እንዴት ብላ እንደምትጀምረው ጨነቃት።

«ኑሬ፣ ተነሥ እስቲ። ሰዎቹ ይጠብቁናል።»

«አልሄድም፣ እቴቴ። ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምለው? አንቺው ንገሪኝ። ‹ሥራዬን ስለሠራሁ ይቅር በሉኝ› ልበል?»

ምን ትበለው! እውነቱን ነው። እውነቱን እንደሆነ እያወቀች ታዲያ ስለ እስር ቤት አወራችው፤ ሽጉጥ ቀማኛ ተብሎ ስሙ ከወጣ ማን ሥራ እንደሚሰጠው፣ ማን ልጁን እንደሚድርለት አወራችው። እሱም ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ተነሥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። «እሺ፣ አንድ ነገር ካደረገ እሄዳለሁ» አላት። «ያን ነገር ከወገቡ ፈትቶ ያስቀምጠው። ያን ቀን ያልኩትን ዛሬ ያድርገው። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ያኔ ፊቱ ቆሜ ‹ክንድዎን በመያዜ ይቅርታ› እላለሁ፣ ትከሻውንም እስማለሁ። እግር ግን አልስምም፤ ለሰው አልሰግድም። ታጥቆ ተቀምጦ፣ እኔ ፊቱ ሳጎነብስ፣ እሱ እኮ እርቅ አይባልም። ምርኮ ነው።»

ሀኒፋ ይህን ስትሰማ ደስታዋን አትጠይቁኝ። ለካ የጠየቀው ቀድሞ የተዘጋጀ ነገር ነው! ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ጋሽ ዳባ ናቸዋ! ጋሽ ዳባ የላፍቶ ነባር ሰው ናቸው፤ ያ ሁሉ ፎቅ ሳይቆም፣ መሬቱ ገና ጤፍና ሽምብራ ሲያበቅል፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ። ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ወንድማማች በአጥር ቢካሰስ፣ እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ጴንጤም ሳይቀር የሚሮጠው እሳቸው ዘንድ ነው። እና እሳቸው እርቅ በተቀመጡ ቁጥር፣ ገና ከመመረቃቸው በፊት፣ የሚሏት ነገር አለች፦ «መሣሪያ የያዘ ውጭ ያስቀምጥ። ስለት ባለበት እርቅ አይቀመጥም።» ያባቶቻቸው ወግ ነው። ከተማ ውስጥ ማን መሣሪያ ይይዛል ብለው አይተዉትም፤ የኪስ ሰንጢ ያስወጣሉ፣ አንድ ጊዜ የልብስ ሰፊ መቀስ ሳይቀር ከአንገቱ አስፈትተው በር ላይ አስቀምጠዋል። ሀኒፋና ሸምሱ በተጋቡ በዓመቱ በተኳረፉ ጊዜም ጋሽ ዳባ መጥተው፣ ሸምሱ የካርቶን መቁረጫ ምላጩን ከኪሱ አውጥቶ ደረጃ ላይ እስኪያኖር ድረስ አልተቀመጡም ነበር። ሰው ይስቅባቸዋል፤ ግን ያስቀምጣል። አላስቀምጥም ያለ እስካሁን አልታየም።

«ጋሽ ዳባ እያሉ ታጥቆ አይቀመጥም» አለችው። «አንተ ምንም ማለት አይጠበቅብህም። እሳቸው ይሉታል፣ እሱም ያስቀምጣል። ወላሂ ያስቀምጣል።»

ሀኒፋ ወላሂ የምትል ሴት አይደለችም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ጃኬቱ ቻይና ነው ቱርክ ብሎ ሲያፋጥጣት እንኳ አትምልም። ኑረዲን ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ተነሥቶ ጢሙን የተላጨው፣ ለዒድ የተገዛለትን ነጭ ሸሚዝ የለበሰው። ለጋሽ ዳባ ቀድማ ደውላ መጠየቅ ትችል ነበር፤ በሐሳቧም አልመጣ። ኢማሙን ‹ቢስሚላህ ይላሉ ወይ› ብሎ ደውሎ የሚጠይቅ አለ?

ታክሲ ተራው ላይ ሰልፉ አስፋልቱን ተሻግሯል፤ ረዳቶቹ «ለቡ! ላፍቶ!» እያሉ ይጮሃሉ፣ ሰው ግን ይጋፋል እንጂ አይገባም። ሲገቡ ኋላ ወንበር ላይ ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ተጣበቁ። ከፊታቸው ሁለት ሴቶች ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ያወራሉ፤ አንዷ ልጇን ከግል ወደ መንግሥት ልታዛውር እንደሆነ፣ ለልጁ ግን እንዴት እንደምትነግረው እንደጠፋት ትናገራለች። ሀኒፋ ሌላ ቀን ቢሆን ጣልቃ ገብታ ታወራ ነበር። ኑረዲን መስኮት መስኮቱን ያያል። ለቡን ሲያልፉ «ሳጥኑ እኮ ጥሩ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ቁልፍ አለው። ለባለቤቱ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ሲወጣ ይወስዳል። ፖሊሶች እንኳ ሲቪል ለብሰው ሲመጡ አስቀምጠዋል፤ ‹ጎበዝ› ብለውኛል።» እሷም «አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

የግዛው ሕንፃ ከውጭ ሲያዩት መስታወት በመስታወት ነው፤ ጎኑ ላይ የባንክ፣ የጥርስ ሕክምናና የጂም ማስታወቂያ ተደራርቦበታል። ወንድና ሴት በየበሩ ይፈተሻል። ኑረዲን ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ የቆመው አዲስ ጥበቃ ማንነቱን ስላላወቀ እጁን አስዘርግቶ፣ ቀበቶውን ዳሶ፣ ስልኩን አስወጥቶ አሳለፈው። ኑረዲንም ዝም ብሎ ተፈተሸ። በሴቶቹ በኩል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አሰገደች ሀኒፋን ስታያት ደነገጠች። ቦርሳዋን ከፍታ እጇን ሰደደች፤ መሀረብ፣ የቁልፍ መያዣ፣ የልጅ ሽሮፕ፣ ከሥሩ ደግሞ ትንሽ የጥፍር መቀስ አገኘች። አወጣቻትና ቆመች። «ይቺን ላስቀምጥልሽ… ስለት አይገባም ብለውናል» አለቻት ቀና ብላ ሳታያት። ሀኒፋ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አስቀምጪያት፣ ምን ችግር አለ» አለች። አሰገደች መቀሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ልጆች አሉኝ፤ አባት የላቸውም» አለቻት። ሀኒፋ ልትቀየማት ፈለገች፤ ወላሂ ፈለገች። ግን የሴትየዋ ዩኒፎርም ክርኑ ላይ በሌላ ክር ተጥፎ አየችና እሱም ከለከላት።

ካፌው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጥግ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ተገጥሞ ጋሽ ዳባና ከእድሩ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ሸምሱ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ መጥቶ ጫፍ ላይ ተወሽቋል። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ኳስ ያሳያል። አስተናጋጇ ዝርዝር ስታቀርብ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ አይተው መልሰው አስቀመጡት፤ ማኪያቶው መቶ ብር፣ ግማሽ ሊትር ውሃ አርባ። «እኛ ጠጥተን ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ዳባ፤ ሌሎቹም «እኛም፣ እኛም» አሉ። ሀኒፋ የእጃቸውን ጀርባ ስማ ከሸምሱ ጎን ተቀመጠች፤ ሸምሱ ለወጉ አንድ ውሃ አዝዞ ሳይከፍት ፊቱ አስቀምጦታል። ኑረዲን አልተቀመጠም፤ ሸምሱ «ተቀመጥ እንጂ» ሲለው «ይሻለኛል» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ወዲያው አቶ ግዛው ከቢሮው ወጣ፤ ቀጭን፣ ጨዋ የሚመስል፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን ሰላም ብሎ ሲያበቃ ጋሽ ዳባን ክንዳቸውን ይዞ ወደ መስታወቱ ወሰዳቸው። ምን እንዳላቸው አልተሰማም። ሀኒፋ ያየችው ጋሽ ዳባ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው። የሚበላ ይምጣ አይምጣ እየተባባሉ ይሆናል ብላ ተወችው።

ራጉኤል አርፍዶ መጣ። አውሬ የሚመስል ሰው ጠብቃችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ደልደል ያለ፣ ሳቂታ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከሩቅ ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ነው። የሦስቱንም ትከሻ ሳመ፣ የጉልበታቸውን ሕመም ጠየቀ፣ ለሸምሱ «ንግድ እንዴት ነው ወንድሜ፣ የልጅ ልብስ እሳት ሆነ እኮ» አለው። ከዚያ ጃኬቱን ከፈት አድርጎ ተቀመጠ። ሽጉጡ ቡናማ ቆዳ ማኅደር ውስጥ ነው። ወንበሩ እጀታ ስላለው ጎኑን ወጋው መሰለኝ፣ ማኅደሩን ወደ ፊት ሳብ አድርጎ ከሆዱ ሥር አመቻቸውና «እህ!» ብሎ ተንፈስ አለ። ሁሉም ሌላ ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ። አንደኛው ሽማግሌ ኳሱን አየ። ሸምሱ ጥፍሩን አየ። ሀኒፋ ግን ጋሽ ዳባን አየች፤ ኑረዲንም ግድግዳው ሥር ሆኖ ጋሽ ዳባን አየ።

ጋሽ ዳባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ፤ ሲጀምሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ዓይናቸው ዞሮ ያ ማኅደር ላይ አረፈ፣ ከዚያ ግዛው ላይ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ። «እንግዲህ…» አሉ። ቆዩ። «እንግዲህ፣ ፈጣሪ ሰላሙን ያውርድልን። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይምራል። እኛም ለዚሁ ነው የመጣነው» አሉና ቀጠሉ። ስለ ጉርብትና ተናገሩ፤ ልጁ ለሥራው አዲስ መሆኑን፣ የታላቅ ሰው ፊት አለማወቁን ተናገሩ። ወግ ባለው አነጋገር፣ ሲሰሙት ደስ በሚል ድምፅ ተናገሩ። ያቺን ነገር ግን ዘለሏት። ሀኒፋ መጀመሪያ ረስተዋት ነው አለች። ትንሽ ቆይታ፣ ወደ ኋላ ላይ ይሏት ይሆናል አለች። ሽማግሌው ጨርሰው «ልጄ ኑረዲን፣ እስቲ ና» ሲሉ ነው ጭራሽ እንደማይሏት የገባት።

ሴት በእንዲህ ያለው ቦታ ስትጠየቅ ነው የምትናገረው። እሷም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም «ጋሽ ዳባ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ያቺን ነገር እኮ አላሏትም።»

ሸምሱ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ጨበጣት። ጋሽ ዳባ ያልሰሙ ለመምሰል ሞከሩ፤ አላስቻላቸውም። «የቷን ነገር?» አለ ራጉኤል ፈገግ ብሎ። «ንገሩኝ እንጂ አባባ፤ የቀረ ሥርዓት ካለ እናሟላ።»

«ኧረ… እሷማ የድሮ ነገር ናት» አሉ ሽማግሌው። ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኛ ገጠር እያለን… መሣሪያ የያዘ ሰው ውጭ ያስቀምጥ ነበር፣ እርቅ ሲሆን። ልማድ ናት እንጂ ግዴታም አይደለች።»

ግዛው እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ባለች ድምፁ «ቤቱ የኔ ነው፤ አቶ ራጉኤልን የፈቀድኩላቸው እኔ ነኝ። እዚህ ጋ ችግር የለም» አለ። ራጉኤል ግን አልተቆጣም። ጭራሽ ደስ ያለው ይመስል ሆዱን ወደ ኋላ ለጠጠና «አስቀምጥ ብትሉኝ አስቀምጣለሁ! ግን ባስቀምጠው ማን ይጠብቅልኛል? ይሄ ልጅ? አንዴ ሊቀማኝ ነበር እኮ!» አለ። ሳቀ። ግዛው ሳቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። ሸምሱ፣ የሀኒፋ ባል፣ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ ሳቀ። በመጨረሻ ጋሽ ዳባም ጥርስ በሌለው አፋቸው ትንሽ ሳቁ፣ ሲስቁም ሀኒፋን እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። ሀኒፋ ሌላ ምን ትበል? ያላትን ብላለች። የቀራት ወንድሟን ቀና ብሎ ማየት ነው፤ እሱንም ፈራች።

ኑረዲን ጥሎ ይወጣል ብላ ጠበቀች። በልቧ ውጣ፣ ሂድ፣ ይሰሩህ፣ አለችው። እሱ ግን ከግድግዳው ተላቆ መጣ። ቀጥ ብሎ መጥቶ ራጉኤል ፊት ቆመ፤ ትከሻ ይስማል ሲባል ሁለቱን ጉልበቶቹን ወለሉ ላይ ጣለ። ግንባሩ ማኅደሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠ፤ ንዴትም የለበት። በጠዋት ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ይመስል ነበር። ወንድሜ ሆይ፣ ለማንም አልሰግድም ያልከው ጠዋት አልነበር? ሀኒፋ እንባዋን ለመዋጥ ያን አርባ ብር ውሃ ከፍታ ጠጣችው።

«ተነሥ፣ ተነሥ! ኧረ ተነሥ ልጄ!» ራጉኤል ከልቡ ደነገጠ። ብብቱን ይዞ አነሣው፣ ጉልበቱን በገዛ እጁ አራገፈለት። «ክሱን ነገ አነሣለሁ። ዛሬም ቢሆን አነሣለሁ!» ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ፤ ጋሽ ዳባ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ለሁሉም ማኪያቶና ኬክ ታዘዘ። ግዛውም ተራውን ጠብቆ «ሥራህ ቦታው ላይ ነው፤ ሰኞ ግባ» አለው።

«ተወው ባክህ ግዛው» አለ ራጉኤል፣ ኬኩን በሹካ እየቆረሰ። «ይሄን ልጅ ለኔ ስጠኝ። እውነቴን ነው። ስንት ዓመት በዚህ በር ስገባ ስወጣ፣ ‹ቁም› ብሎኝ የሚያውቅ አንድም ወንድ አላየሁም። እሱ ብቻ ነው። ከኔ ጋር የሚሆን ሰው ስፈልግ ነበር፤ እንደዚህ ልብ ያለው ሰው ነው የምፈልገው። ደመወዙ እዚህ ከሚያገኘው እጥፍ።»

ጠረጴዛው ሞቀ። ሸምሱ ከደስታ ብዛት «አላህ ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን» ይላል። ሁሉም ወደ ኑረዲን ዞሩ። እሱም ትንሽ አሰበ፤ ወይም ያሰበ መሰለ።

«መሣሪያ ይሰጠኛል?» አለ።

«እንዴታ! ፈቃዱን እኔ አስጨርሳለሁ።»

«ይዤ እዚህ መግባት እችላለሁ?»

ራጉኤል ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ ሳቀ። «ከኔ ጋር እስከሆንክ የትም ትገባለህ!»

«እሺ» አለ ኑረዲን።

ሀኒፋ ‹ተው› ልትል አፏን ከፈተች። ማን ሆና ትናገር? ፍራሹ ላይ ሆኖ አልሄድም ሲላት ያስነሣችው እሷ፣ የማለችለት እሷ። አንዴ ተናግራ ያስሳቀችባቸውም እሷው ናት። የከፈተችውን አፏን ሸምሱ በሹካ አንሥቶ ያቀበላት ኬክ ዘጋው።

ሲበተኑ ራጉኤል መኪናው ድረስ ሸኘኝ ብሎት ኑረዲን አብሮት ወረደ። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ፣ በግራ በኩል ይሄድ ነበር፤ ይህን ማን አስተማረው? ሀኒፋ ሽማግሌዎቹን ጥላ በደረጃው እየሮጠች ከበሩ ውጭ ደረሰችባቸውና የሸሚዙን እጅጌ ያዘች። «ኑሬ፣ ምን ነካህ? አንተ እኮ ‹ያስቀምጠው› ስትል የነበርክ ሰው ነህ!»

«ነበርኩ» አላት። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ምንኛ በተሻላት። «አንቺም አየሽ እኮ፣ እቴቴ። ጋሽ ዳባ እንኳ ማለት አልቻሉም። እኔ ደግሞ ከእሳቸው በልጬ በር ላይ ቆሜ ልል?» እጅጌውን ከጣቶቿ ቀስ ብሎ አስለቀቀና «ሂጂ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ» አላት። ሄዶ ለራጉኤል የኋላውን በር ከፈተለት፣ ዘጋለት፣ ግራ ቀኙን አይቶ ከሹፌሩ ጎን ገባ። መኪናው ወደ ሃና ማርያም በሚወስደው መንገድ ሄደ።

ሸምሱ ከኋላዋ እያለከለከ ደረሰ። ፊቱ በርቷል፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አላየችውም። ለሽማግሌዎቹ እሑድ ምሳ እንጥራ፣ ዶሮ ስንት ገብቷል፣ ምናልባት በግ ይሻል ይሆን፣ እያለ አወራት። ከዚያ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«ተገላገልን እኮ፣ ሀኒ። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ።»

ሰው ይወጣል ይገባል። ከመጋረጃው ጀርባ አሰገደች የሌላ ሴት ቦርሳ ከፍታ ትበረብራለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሀኒፋ።